ዝም ያለው ሳጥን
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር



የሥራ አመራር ኮሚቴው በዛሬው ጉባኤ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የለመድኩት ሞባይል መጠገን እንጂ መድረክ ላይ መቆም አይደለም። ሁለት ነገር ግን አስገደደኝ። አንደኛ፣ በጫጩት ክፍሎቻችን በር ላይ የተሰቀሉትን ትንንሽ ሳጥኖች እያያችሁ «ይሄ ምንድን ነው? ካሜራ ነው እንዴ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ባለፈው ሲጎበኙን ሳጥኖቹን አይተው አመስግነውኝ ሄዱ። በዚያ ቀን ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። በእኔ ስህተት የሞቱ ጫጩቶች አሉ። ምስጋናውን ተቀብዬ ስህተቱን ደብቄ መቀመጥ ከብዶኛል። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ሳጥኖቹ ምን እንደሆኑና እንዴት እንደጀመርን እነግራችኋለሁ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩም እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የመጣው ከብርድ ነው

እንግዶቻችን፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ ገና ላባ አላወጣችም፤ ሰውነቷን ራሷ ማሞቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነስን፣ ላባ እስክታወጣ ድረስ እናሞቃታለን። የምናሞቀው በኤሌክትሪክ አምፖል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ጫጩት ያሳደገች ሁሉ እንደምታውቀው፣ ከቴርሞሜትር በፊት ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ሙቀቱ ልክ ሲሆን ተበታትነው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ሲበዛባቸው ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳ ግድግዳውን ይይዛሉ። ሲበርዳቸው ደግሞ አንዷ በአንዷ ላይ ትከመራለች። ብርዱ ያልገደላትን መተፋፈኑ ይገድላታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበረችው እህታችን ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ የዋለች ናት፤ እንቅልፍ ጣላት። ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ጠዋት በሩን ስንከፍት በሁለት ክፍል ጥግ ላይ ተከምረው የሞቱ 70 ጫጩቶች አገኘን። ጫጩቶቹ የተገዙት ከማኅበራችን ተዘዋዋሪ ብድር በተወሰደ ገንዘብ ነበር። አንዲት እናታችን ድርሻዋን ለመክፈል ለልጆቿ ያቆየቻትን በግ ሸጠች። በጓን ወደ ገበያ ስትነዳ በሱቄ ደጃፍ አለፈች። አንገቴን ደፋሁ። ስልክ ስጠግን የምውል ሰው ነኝ፤ «መብራት ሲጠፋ የሚጮህ ነገር እንዴት መሥራት ያቅተኛል?» አልኩ።

ማይክሮኮንትሮለር ምንድን ነው?

ያን ሰሞን ዩኒቨርሲቲ የምትማር የእህቴ ልጅ ለዕረፍት መጣች። በቦርሳዋ ውስጥ አርዱይኖ የሚባል ቦርድ ነበራት። ቦርድ ስል የሥራ አመራር ቦርድ ማለቴ አይደለም፤ ይሄኛው አበል አይጠይቅም። የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ሽቦ የሚሰካባት ሰሌዳ ናት። በላይዋ ላይ ያለው ጥቁር ቺፕ ማይክሮኮንትሮለር ይባላል። በአንድ ቺፕ ውስጥ የታጨቀ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ አለ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አለ። እንደ ስልካችን ሺህ ሥራ አይሠራም። አንድ ጊዜ የጻፍንለትን ትእዛዝ ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ያንኑ ይፈጽማል።

አርዱይኖ በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር በሰሜን ጣሊያን ኢቭሪያ በምትባል ከተማ የተጀመረ ነው። የታሰበው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ነበር። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። «ይሄ የኢንጂነሮች ነገር ነው» ብላችሁ ከመጀመሪያው እንዳትሸሹ ብዬ ነው። ነገሩ ከጅምሩ ለእንደ እኛ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማድረግ ነበር። ሁሉም ጀማሪ የሚጀምረው በእሷ ነው። እኔን ግን ሁለት ምሽት ፈጀችብኝ። ላፕቶፑ ቦርዱን አላየው አለ። ፕሮግራሙን አጠፋሁ፣ መልሼ ጫንኩ፣ የእህቴን ልጅ ከእንቅልፏ ቀሰቀስኩ። ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ መረጃ የማያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ ነበር የያዝኩት። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለውን ገመድ ለደንበኛ የምመልስ ሴት ራሴ ተሸወድኩ። የምትጀምሩ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ገመዳችሁን ፈትሹ።

ቀጥሎ የሙቀት ሴንሰር ገጠምን። ዲኤስ18ቢ20 ይባላል። በብረት ቱቦ ውስጥ የታሸገው ዓይነት እርጥበት አይፈራም፤ ለጫጩት ቤት ይመቻል። ሦስት ሽቦ አለው፤ አንዱ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ አንዱ ወደ መሬት ይሄዳል፣ አንዱ መረጃ ያመጣል። በመረጃውና በኤሌክትሪኩ ሽቦ መካከል 4.7 ኪሎኦም ሪዚስተር መግባት አለበት። እሱን ከረሳችሁት ሴንሰሩ አይናገርም።

በሙከራው ቀን ሳጥኑ «85 ዲግሪ» አለን። ጫጩቶቹ ተቀቀሉ ብለን ሮጠን ስንገባ በሰላም እየበሉ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ይህ ሴንሰር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ገና ሳይለካ በሆዱ የሚይዘው ቁጥር 85 ነው። ለክቶ እስኪጨርስ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። እኔ ሳልጠብቀው ነበር ቁጥሩን የወሰድኩት። ሽቦው ሲላቀቅ ደግሞ ቦርዱ ላይ የምንጠቀምበት ፕሮግራም ከዜሮ በታች 127 ያሳያል። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስታዩ ስለ አየሩ ከማሰባችሁ በፊት ሽቦውንና ፕሮግራሙን ተመልከቱ።

ሴንሰሩ የሚሰቀልበት ቦታም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በዓይናችን ትክክል ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ እኛ ከፍ ብሎ ያለውን ሙቀት ስናነብ ጫጩቶቹ ከታች ይበርዳቸው ነበር። አሁን ከአምፖሉ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጫጩቷ ጀርባ ልክ፣ ከጉዝጓዙ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ባትሪ ማለት ጀሪካን ነው

መብራት ሲጠፋ የሚጮህ ነገር በመብራት ሊሠራ አይችልም። ባትሪ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳጥን በባትሪ ሞክሬ ሁለት ቀን ሳይሞላው ጠፋ። በየሁለት ቀኑ አምስት ክፍል እየዞረ ባትሪ የሚለውጥ ሰው ከተፈለገማ እዚያው ቁጭ ብሎ ቢያድር ይሻላል።

ሒሳቡን እንዲህ ያዙት። ባትሪ ጀሪካን ነው። በላዩ ላይ «2,400 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚል ካለ፣ 2,400 ኩባያ ውሃ ይይዛል እንበል። ያ የመጀመሪያ ቦርዳችን ምንም ባይሠራ እንኳ በሰዓት 50 ኩባያ ያህል ይጠጣል። 2,400ን ለ50 ስናካፍል 48 ሰዓት ይሆናል፤ ሁለት ቀን ማለት ነው። ብልሃቱ ታዲያ ጀሪካኑን ማተለቅ አይደለም፤ ጠጪውን ማስተኛት ነው።

ማይክሮኮንትሮለር ይተኛል። «ለአምስት ደቂቃ ተኛ፣ ከዚያ ንቃ» ብላችሁ ብትጽፉለት ሁሉን ነገር ዘግቶ አንዲት ትንሽ ሰዓት ቆጣሪ ብቻ ይዞ ይተኛል። ለዚህ ሥራ ኢኤስፒ32 ወደሚባለው ቺፕ ዞርን። ሬዲዮው በውስጡ ስላለ ሌላ መላኪያ አይፈልግም። ቺፑ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሲሆን የሚጠጣው ከአንድ ሚሊአምፒር መቶኛ እጅ አካባቢ ነው።

እዚህም ላይ ተሸወድኩ። ቺፑ ተኝቷል፤ ባትሪው ግን በ10 ቀን አለቀ። በቴስተር ስለካው ቦርዱ በእንቅልፉም 10 ሚሊአምፒር ይጠጣል። ቺፑ ቢተኛ ጎረቤቶቹ አልተኙም። «በርቷል» የምትለዋ ቀይ መብራት አለች፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ አለ፣ ቮልት የሚያስተካክለው ክፍል አለ። ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣሉ። ስለዚህ ቦርድ ስትገዙ የባትሪ መሰኪያ ያለው፣ ለባትሪ ተብሎ የተሠራውን ምረጡ። ከገዛችሁም በኋላ የሻጩን ቃል ብቻ አትመኑ፤ በእንቅልፉ ላይ እያለ በቴስተር ለኩት።

የአሁኑ ቦርዳችን ሲተኛ 0.05 ሚሊአምፒር ይጠጣል። በየአምስት ደቂቃው ለ2 ሰከንድ ያህል ይነቃል፤ በዚያን ጊዜ ወደ 80 ይጠጣል። በሰዓት 12 ጊዜ ሲነቃ 24 ሰከንድ ሠራ ማለት ነው። ሲደመር በሰዓት ከ0.6 ኩባያ አይበልጥም። ያው ጀሪካን 170 ቀን ገደማ ይበቃል። ብርዱ፣ የባትሪው እርጅና፣ የሽቦው ነገር ሲታሰብ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። ግማሹም ቢሆን ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ አንድ ዙር ጫጩት ከብርድ እስክትወጣ ድረስ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ባትሪው አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የምንጠቀመው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣውን ክብ ሊቲየም ባትሪ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድ አይፈቀድለትም። ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ቢገናኙ እሳት ይነሳል። ያበጠ ወይም የተላጠ ባትሪ በፍጹም አትጠቀሙ። መከላከያ ባለው መሙያ ካልሆነ ቻርጅ አታድርጉ፤ ልጆች ከሚደርሱበት ቦታም አታስቀምጡ።

ሳጥኖቹ እንዴት ይነጋገራሉ?

ብዙዎቻችሁ «በዋይፋይ ስልካችን ላይ ለምን አይልክልንም?» ብላችሁኛል። መልሱ ቀላል ነው። የዋይፋይ ማሰራጫው የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት በሄደባት ደቂቃ እሱም ይሄዳል። ሳጥኑ በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት መልእክት የሚያደርስለት አይኖርም።

ስለዚህ ኢኤስፒ-ናው በሚባለው መንገድ ሳጥኖቹ መሐል ላይ ማሰራጫ ሳይፈልጉ በቀጥታ ይነጋገራሉ። በአንድ ጊዜ የሚላከው አጭር መልእክት ብቻ ነው። ለእኛ ይተርፋል። ክፍል 3፣ ሙቀት 33፣ ባትሪ 3.9 ቮልት፤ ይኸው ነው የምንልከው። አምስቱ ክፍሎች ይልካሉ፤ ተረኛዋ የምታድርበት የጥበቃ ቤት ውስጥ ያለው ስድስተኛው ሳጥን ይቀበላል። ተቀባዩ እንደ ሌሎቹ መተኛት አይችልም፤ ማን መቼ እንደሚናገር አያውቅምና ሁልጊዜ ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመብራት ጋር ተያይዞ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ በፓወር ባንክ ይሠራል። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደወሉ ይጮኻል።

ቆርቆሮ የሬዲዮ ጠላት ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነው ክፍል ውስጥ አስቀምጬ አንድም መልእክት አልወጣም። ሳጥኑን ከበሩ ውጭ ከክዳኑ ሥር ሰቀልኩት፣ ሴንሰሩን ብቻ በረዥም ሽቦ ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ተሰማ። በር ላይ የምታዩዋቸው ለዚህ ነው። ካሜራ አይደሉም፤ ማንንም አያዩም።

ሦስተኛው ክፍል

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ደረስኩ።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አምስቱም ሳጥኖች ሥራ ላይ ነበሩ። ሁላችንም ኮርተንባቸው ነበር። ተረኛዋም እንደ ድሮው በየሰዓቱ እየተነሳች ክፍል ለክፍል መዞሯን ተወች፤ እኔው ነኝ «ሳጥኑ አለልሽ፣ ተኚ» ያልኳት።

አንድ ማታ የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ተቀባዩን ሳጥን ከፓወር ባንኩ ጭምር ነቀሉት። ሌላ መሰኪያ አልነበራቸውም፤ ያላዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። ጠዋት መልሰው ሰኩት። ምንም የተበላሸ ነገር የለም ብለው አሰቡ፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ያስባል።

እኔ በጻፍኩት ትእዛዝ ውስጥ ግን አንድ መስመር ነበረች። ሳጥኑ መልእክት ሲልክ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይመጣለታል። መልሱ ካልመጣ ደጋግሞ እንዲልክ፣ እስኪደርስ እንዳይተኛ አዝዤው ነበር። ትጋት መስሎኝ ነው። በዚያ ሌሊት የሚሰማቸው ስላልነበረ አምስቱም ሳጥኖች ሲጣሩ አደሩ። አራቱ አዲስ ባትሪ ስለነበራቸው ቻሉት። የሦስተኛው ክፍል ባትሪ ግን ስንት ኩባያ እንደሚይዝ ሳልለካ የገጠምኩት አሮጌ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ቀኑን ፀሐይ ነበረች። ማንም አላስተዋለም። ማታ ተቀባዩ ሳጥን ፀጥ አለ፤ አራቱ ክፍሎች ደህና ነን ይላሉ፣ ሦስተኛው ምንም አይልም። ደወሉ እንዲጮህ ያዘዝኩት «በረደኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ ብቻ ነው። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን አልጻፍኩም ነበር። በዚያው ሌሊት የሦስተኛው ክፍል አምፖል ተቃጠለ። ጠዋት ከ60 ጫጩቶች 41ዱ ሞተው ተገኙ።

የቡድኑ አባላት ተሰብስበው ጠሩኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። አንዲትም ሴት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ፊደል ያልቆጠረችው የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ብቻ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ በዕድራችን አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ከቀረች ምን ሆና ነው ብለን ቤቷ እንሄዳለን። ያንቺ ሳጥን ሲቀር ማን ጠየቀው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ባትሪና ስለ ሬዲዮ ወራት የለፋሁበትን ሥራ ጉድለት በአንድ ጥያቄ አሳየችኝ። እኔ ዝምታን ደህንነት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ብርድ ሲሆን የሚጮህ ሳጥን ሠርቻለሁ፤ የሞተ ሳጥን ግን መጮህ አይችልም።

ምን አስተካከልን?

በዚያው ሳምንት አራት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ሳጥን መልእክቱ ካልደረሰ ሦስት ጊዜ ብቻ ሞክሮ ይተኛል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይነሳል። ራሱን እስኪገድል አይጣራም። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ሳጥን ስም ይጠራል። ከአምስቱ አንዱ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከቀረ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ዝም ካለ፣ ደወሉ ይጮኻል፤ የክፍሉን ቁጥርም ያሳያል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መልእክት የሚያመጣውን የባትሪ ቮልት ዝም ብሎ ከማሳየት አልፎ ከ3.5 በታች ሲወርድ ገና በቀን ይነግረናል። አራተኛ፣ ለጋሼ የራሳቸው የስልክ መሰኪያ ተሠራላቸው። ይህ አራተኛው ቴክኖሎጂ አይመስልም፤ ግን ከሦስቱ አያንስም።

ተቀባዩ ራሱ ቢሞትስ ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ እሱን የሚጠራው የለም። ስለዚህ ተረኛዋ ማታ ስትገባ ሙከራ የምትል ቁልፍ ተጭና ደወሉን ታሰማለች፣ መዝገብ ላይም ትፈርማለች። ክፍሎቹንም ሌሊት አንድ ጊዜ በእግሯ ትዞራለች። «ሳጥኑ አለልሽ፣ ተኚ» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ከአፌ አትሰሙም።

ዘንድሮ በጥቅምትና በኅዳር ደወሉ ሌሊት አራት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱ መብራት ሄዶ ነው፤ አንዱ የተላቀቀ የባትሪ ሽቦ ነበር። በአራቱም ጊዜ ተረኛዋ ተነሳች፣ በትንንሽ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ በጫጩቶቹ መካከል አስቀመጠች። ልብ በሉ፤ ሳጥኑ ጫጩት አያሞቅም። የሚያሞቀው የተነሳችው ሴት እጅ ነው። ከሰል የምታስገቡ ካላችሁ ደግሞ አየር መውጫውን አትዝጉ፤ የከሰል ጭስ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል። በእነዚህ ሁለት ወራት በብርድ የሞተችብን ጫጩት የለችም።

መጀመር ለምትፈልጉ

ከእናንተ መካከል ሽንኩርት የምታከማቹ፣ ወተት የምታቀዘቅዙ፣ ችግኝ የምታፈሉ አላችሁ። ሳጥኑ ለሁሉም ይሆናል፤ የሚለወጠው ሴንሰሩ ነው። ስትጀምሩ ግን በአንድ ቀን አምስት ሳጥን ለመሥራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ቦርድ፣ መረጃ የሚያስተላልፍ ገመድና አንድ ሴንሰር ይዛችሁ መብራቷን ብልጭ አድርጉ። ቀጥሎ ሙቀቱን ላፕቶፕ ላይ አንብቡ፤ በእጃችሁ ጨብጣችሁት ቁጥሩ ሲወጣ እዩ። ከዚያ ሁለተኛ ቦርድ ገዝታችሁ አንዱ ለአንዱ እንዲልክ አድርጉ፤ አንዷ ይዛ በግቢው ትዙር፣ የት ላይ እንደሚጠፋ እወቁ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ብቻ አስተኙት፤ በቴስተር ለኩት፤ ከዚያ ባትሪ ስጡት። እያንዳንዱን ለብቻው ሳትፈትኑ ሁሉን አንድ ላይ ብትገጥሙት፣ ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ አታውቁም። በመጨረሻም ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት በገዛ እጃችሁ ባትሪውን ንቀሉትና ደወሉ መጮሁን አረጋግጡ። እኔ ያላደረግኳት ፈተና እሷ ናት፤ አንድ ደቂቃ አትፈጅም ነበር።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። ባለፈው «ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የተሻለ መሣሪያ ገዝተን እንላክላችሁ?» ብላችሁን ነበር። ስለ ልባችሁ እናመሰግናለን። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች ይህን ሥራ የሚማሩበት ጊዜና ቦታ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ጥሩ ቴስተርና የመለዋወጫ ሳጥን እንፈልጋለን። አሁን ሳጥኖቹን መክፈት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ብታመም ወይም ከዚህ ከተማ ብሄድ አምስቱም ሳጥኖች አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነገር፣ ሳይለካ እንደተገጠመው ባትሪ ነው።

የሦስተኛው ክፍል ቡድን ብድር ለስድስት ወር ተራዝሞላቸው እስከ ዛሬ እየከፈሉ ነው። እኔም ከሱቄ ገቢ የራሴን ድርሻ በየወሩ እጨምራለሁ። ቡድኑ አላስገደደኝም። በዚህ ጉባኤ ፊት የምናገረውም ከእናንተ አንዷ ነገ ተመሳሳይ ሳጥን ስትሠራ ያንን 41 ዳግመኛ እንዳትከፍል ነው።

እናቶቼና እህቶቼ፣ ዕድር የሚያውቅ ሰው የእነዚህን ሳጥኖች ነገር ግማሹን ያውቀዋል። እያንዳንዱ በተራው ይመጣል፣ አጭር ቃል ይናገራል፣ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። የቀረ እንደሆነ ደግሞ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይጠየቃል። የቀረው ግማሽ ሽቦ ነው፤ እሱን አብረን እንማረዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ክፍት ነው። ገመዳችሁን ይዛችሁ ኑ።